ሽንሽኑ ከኋላ ነው አልኩ

ባሌ በስተርጅናው ቀሚስ ሊለብስ ተነሣ። «ቀሚስ አይደለም፣ ኪልት ነው» ይላል። ኪልት መሆኑን እኔም አውቃለሁ። የስኮትላንድ ወንዶች በሠርግና በበዓል ቀን የሚታጠቁት፣ ከወፍራም ሱፍ የተሠራ፣ ባለ ካሬ፣ ከወገብ እስከ ጉልበት የሚደርስ ልብስ ነው። ፊቱ ለጥ ያለ፣ ኋላው የተሸነሸነ። ኋላው! ይህችን አንዲት ቃል ቤቴ ውስጥ ስደጋግም ከርሜ ምላሴ ተላጠ።

ነገሩ የመጣው በልጃችን ነው። እኛ ዴን ሃግ፣ ትራንስቫል ገበያው አጠገብ ነው የምንኖረው፤ እሷ ሥራዋም ቤቷም ሮተርዳም ነው። እዚያው የተዋወቀችውን የስኮትላንድ ልጅ ላግባ አለች። ባሌ መጀመሪያ ነገሩን እንደ ጉንፋን ቆጠረው፤ በራሱ ጊዜ ይለቃታል አለ። አልለቃትም። እኔ ልጁን ወድጄዋለሁ። ሰላምተኛ ነው፣ የሰጡትን ይበላል፣ ድገም ሲሉት ይደግማል። ባሌ ግን እሺም እምቢም ሳይል፣ ስሙ በተነሣ ቁጥር መስኮት መስኮቱን እያየ ወራት አለፉ።

ልጅቷ ደግሞ የአባቷ ልጅ ናት፣ ግትር። «አባዬ ከጎኔ ካልቆመ አልገባም» አለችኝ። «ኸሜንቴው በር ላይ ቆሜ እቀራለሁ እንጂ ብቻዬን አልገባም።» ኸሜንቴ የምትለው ማዘጋጃ ቤቱን ነው፤ ጋብቻ የሚፈጸመው እዚያ ነው። ቤተ ክርስቲያን እንዳይሆን ልጁ የእኛ ሃይማኖት አይደለም፤ ባሌ ያኮረፈበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል ነገር ዓይኔ አላየም። በሁለት ግትሮች መካከል መኖር ምን እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል።

ታዲያ ልጄ ዘዴ ፈጠረች። አባቷን በባህሉ ልትይዘው። የልጁን አባት ከስኮትላንድ አስመጥታ ሽማግሌ አድርጋ ላከችብን! አብረዋቸው የመጡት የባሌ የረጅም ጊዜ ወዳጅ ናቸው። አሥመራ ተወልደው አዲስ አበባ የኖሩ፣ አማርኛቸው ከእኔ የሚበልጥ፣ አሁን አምስተርዳም ኒው ዌስት ጡረታ ላይ ያሉ አዛውንት። እንግሊዝኛ ስለሚችሉ አስተርጓሚም ሽማግሌም ሆኑ። የማያውቁት ነገር የለም። ያላወቁት ቢኖር እንኳ አላውቅም አይሉም።

በሩን ከፈትኩ። የልጁ አባት ሙሉ የአገራቸውን ልብስ ለብሰው ቆመዋል። ኪልቱን ታጥቀው፣ ካልሲያቸውን እስከ ጉልበት ሥር ስበው፣ ባዶ ጉልበታቸው የተላጠ ድንች መስሎ። ትከሻቸው ላይ ልጄ ለስጦታ የሰጠቻቸውን ኩታ ጣል አድርገዋል። እኔ ጉልበቱን ስሸሽ ኩታውን አላየሁትም ነበር። ባሌ ግን ያየው ኩታውን ብቻ ነው።

ኩታ ዝም ብሎ አይለበስም። ለደስታ ሲሆን ጥለቱ ወደ ታች ይወርዳል። ለሐዘን ሲሆን ይገለበጥና ጥለቱ ወደ ላይ፣ ትከሻና አንገት ላይ ይሆናል። ሰው ከሩቅ አይቶ ማን እንደሞተብህ ባያውቅ እንኳ እንደሞተብህ ያውቃል። ሰውዬው ጥለቱን አንገታቸው ላይ ጠምጥመው፣ ፊታቸው በፈገግታ እያበራ፣ ልጃችንን ሊጠይቁ ገቡ።

ባሌ ተነሣ። «ለቅሶ ለብሶ ነው እንዴ ልጄን ሊጠይቅ የመጣው? ምን ዓይነት ሟርት ነው!»

«ኧረ በስመአብ በል» አሉ አዛውንቱ። «ፈረንጅ ስለ ጥለት ምን ያውቃል?»

«ካላወቀ ይጠይቃ! የማያውቁትን ልብስ ለብሰው ሰው ቤት አይገባም!» አለና በሩን ከፈተው። እንዲወጡ። እንግዳን! ቁጭ በሉ ሳይባሉ!

ሰውዬው አንዲት ቃል ሳይተረጎምላቸው ገባቸው። ይዘውት የመጡትን ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ ለእኔ ጎንበስ ብለው እጅ ነሥተው ደረጃውን ወረዱ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ። ባሌን ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም።

ልጄ በዚያው ማታ ደወለች። እያለቀሰች ነው፣ ግማሹን በደች ግማሹን በአማርኛ። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት፣ ባሌም ይስማ ብዬ።

«እናቱ ሞታ እኮ ነው!» አለች።

«የማን እናት?»

«የእሱ ነዋ! የልጁ! ብርዱ ሲገባ ነው የሞተችው። እሳቸው ከዚያ ወዲህ ከቤት የወጡት ገና አሁን ነው፣ ለእኔ ብለው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽንም?»

«የግል ጉዳያቸው ነው ብዬ።»

እዚህ ላይ ጮህኩ። «ሞት የግል ጉዳይ የሚሆነው በየትኛው አገር ነው?»

«እዚህ አገር ነዋ፣ እማዬ» አለችኝ።

ምን ይባላል? እዚህ ያደገ ልጅ እንዲህ ነው። ጫማ በስንት እንደገዛ ይነግርሃል፣ ሞት ሲሆን ይደብቅሃል። ዞር ብዬ ባሌን ሳየው ቀለሙ ሌላ ሆኗል። «ሐዘንተኛ ከደጄ መለስኩ» አለ። በማግስቱም ምግቡን ከአፉ እየመለሰ እንደዚያው ዋለ። «ደውልና እግዚአብሔር ያጽናዎት በላቸው» ስለው፣ «ለቅሶ በስልክ? ደግሞ በየትኛው እንግሊዝኛዬ?» ብሎ ጮኸብኝ። እኔ ላይ መጮህ ቀላል ነው መቼም።

በሁለተኛው ቀን ራት ላይ ማንኪያውን አስቀመጠ። «ሠርጉ ላይ እገኛለሁ» አለ። «የእኔን ለብሶ ቤቴ መጥቷል። የእሱን ለብሼ እሄድለታለሁ።»

እልል ብዬ አቀፍኩት። ምን እንደሚመጣብኝ የት አውቄ!

ልጁ ኪልቱን ከነሙሉ ዕቃው አምጥቶ አስረከበን። አዛውንቱ በየቅዳሜው ከኒው ዌስት በባቡር እየመጡ አማካሪ ሆኑ። ባሌ መጀመሪያ ቀን ያደረገው እንደ ሱሪ ከቦርጩ ሥር መታጠቅ ነው። ታችኛው ጫፍ ቁርጭምጭሚቱ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። «እምብርትህ ላይ ነው የሚታሰረው፣ ጫፉ ጉልበትህ መካከል ነው የሚያልቀው» አልኩት። «እምብርቴ ላይ? ነፍሰ ጡር ነኝ?» አለኝ። ቀጥሎ ካልሲውን ከጉልበቱ በላይ ጎተተው፣ ጉልበቱ አፍሮ። ይህም አልበቃው ብሎ ከሥር ረጅሙን የብርድ ሙታንታ ለበሰ፣ ግራጫውን። አዛውንቱ «ከሥር ምንም አይለበስም ይላሉ» ሲሉት ደጋግሞ አማተበ።

እኔ ሥራዬ ሰው ማልበስ ነው። በየማለዳው ከቤት ቤት እየዞርኩ የደች ሽማግሌዎችን አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ ደም እግራቸው ላይ እንዳይረጋ የሚያደርጉትን ያንን ጠባብ ካልሲ አጠልቃለሁ። የሚሳደብም አለ፣ የሚቧጥጥም አለ፣ ሸሚዙ ውስጥ የሚደበቅም አለ። እንደ ባሌ ያለ ግን እግዜር ይይልኝ፣ አልገጠመኝም። ያንን ትልቅ መርፌ ቁልፍ፣ የላይኛውን ጨርቅ ብቻ ይዞ ለክብደት የሚንጠለጠለውን፣ እሱ ሁለቱን ጨርቅ አንድ ላይ ሰፍቶ ቆለፈው፣ ነፋስ እንዳይገልጠው። ከዚያ ሶፋው ላይ ሲቀመጥ ሱፉ ተወጠረና ተያዘ፤ «ጎተተኝ! ጎተተኝ!» እያለ ግማሽ ተቀምጦ ግማሽ ቆሞ ቀረ። ከፊት በሰንሰለት የሚንጠለጠለውን የቆዳ ከረጢት ደግሞ ወደ ጎኑ አዞረና የትራም ካርዱን፣ መነጽሩን፣ የደም ግፊት ኪኒኑን ከተተበት። እሺ፣ ይህን ሁሉ እያረምኩ፣ እየጎተትኩ፣ እያስተካከልኩ ቆየሁ። ሽንሽኑ ላይ ስንደርስ ግን ነገር ተበላሸ።

ሽንሽኑን ከፊት አደረገው።

«ከኋላ ነው» አልኩት።

«ሴትዮ፣ የዚህ ልብስ ጥበቡ የቱ ላይ ነው?» አለኝ። «ሽንሽኑ ላይ አይደለም? ይህን ሁሉ እጥፋት አንድ በአንድ አጥፎ፣ ካሬውን ከካሬው አገናኝቶ የሰፋ ሰው ስንት ለፍቷል! ሸማኔ ዓይኑ እስኪጠፋ የጣለውን ጥለት አንቺ ቂጥሽ ሥር አድርገሽ ትቀመጭበታለሽ?»

አዛውንቱም ከሶፋው ሆነው «እውነቱን ነው» አሉ። «አባቴ አሥመራ እንግሊዞቹ ሲሰለፉ በዓይኑ አይቷል። ኪልት የለበሱ ነበሩበት። ከፊት ነው ብሎኛል።»

«አባትዎ ያዩት ሲመጡ ነው ሲሄዱ?»

«እህቴ፣ አባቴ አይዋሽም።»

ስልኬን አውጥቼ ቪዲዮ ከፈትኩላቸው። አንድ ስኮትላንዳዊ ዞር እያለ ያሳያል፤ ሽንሽኑ ከኋላው እንደ አኮርዲዮን ተደርድሯል። ሁለቱም መነጽራቸውን አድርገው ተመለከቱ። አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ስልክ ነገር ይገለብጣል» አሉ። «የራስሽን ፎቶ ስታነሺ ቀኝሽ ግራ ሲሆን አይተሽ የለ?»

«ግራና ቀኝ ይገለብጣል እንጂ ፊትና ኋላ ይገለብጣል እንዴ!»

«አንዴ መገልበጥ ከጀመረ ምኑ ይታመናል?» አሉኝ።

ጸጉሬን ልነጭ ደረስኩ። ጮህኩ፣ ለመንኩ፣ ጨርቁን ይዤ ላዞረው ታገልኩ። ባሌ ፊቱ ጠቆረና የምፈራትን ቃል አወጣት። «እንግዲያው አልሄድም።» በቃ፣ ጨርቁን ለቀቅኩት። ልጄ በር ላይ ቆማ ስትቀር ታየችኝ። ሽንሽኑ ከፊት ይሁን፣ ከጎን ይሁን፣ ከፈለገ ራሱ ላይ ይጠምጥመው፣ ብቻ ይሂድልኝ። የሠርጉ ዕለት ጠዋት ቀስ ብዬ አዞረዋለሁ ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት ሁሌ እንደሚሆነው ሆነ፤ አረፈድን። በሩጫ ባቡር ውስጥ ገባን። ባሌ ሽንሽኑን ከፊት አንዠርግጎ፣ ከላይ ኮት ደርቦ፣ ሱፉ እንዳይጨማደድ ሮተርዳም እስክንደርስ ቆሞ ሄደ። አሁን ልለው ነው፣ አሁን ልለው ነው እያልኩ ትንፋሼን ስሰበስብ፣ ፊት ለፊት የተቀመጠች አንዲት የደች አሮጊት ከላይ እስከ ታች አየችውና «ሞይ!» አለችው፤ ያምራል ማለቷ ነው። ባሌ ወደ እኔ ዞረ። «ሰማሽ?» አለኝ። አዛውንቱ ሳል አሉ፣ በድል። አለቀልኝ።

ኸሜንቴው አዳራሽ ደረስን። የልጁ ወገኖች ቀድመውን ደርሰው በሰልፍ መሰል ቆመዋል፣ ጀርባቸውን ሰጥተውን፣ መድረኩን እያዩ። ሁሉም ኪልት። ሁሉም ሽንሽኑ ከኋላ። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሽንሽን በሽንሽን። ባሌ ከአንዱ ጀርባ ወደ ሌላው እያየ ሄደ፣ ቀስ እያለ፣ የሚቆጥር ይመስል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የራሱን ሽንሽን አየ። አንዱ ወጣት ዞር አለና አይቶት ቶሎ አፉን በእጁ ያዘ። የልጁ አባትም ዞረው አዩት።

«ምናልባት የእነዚህ ጎሳ ሌላ ይሆናል» አሉ አዛውንቱ በሹክሹክታ።

ባሌ ዞሮ ወጣ። በሩ ላይ ልጃችን ነጭ ልብሷን ለብሳ አበባዋን ይዛ ቆማለች፣ እሱን እየጠበቀች። «አባዬ?» አለች። አጠገቧ አለፈና ወደ ውጭ ሄደ። ልጄ አየችኝ። ያንን አስተያየቷን ስሞትም አልረሳውም። «አልገባም» ብላኝ የለ? ልጄን አውቃታለሁ፣ አትገባም። ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ልጅ፣ ያ ሁሉ ወር የተለፋበት ነገር ሊፈርስ ነው፣ በጨርቅ እጥፋት!

ተረከዙ ሾጣጣ በሆነ ጫማ እየሮጥኩ ትራም ፌርማታው ላይ ደረስኩበት። ነፋሱ አያድርስ ነው። ባሌ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ሽንሽኑን በሁለት እጁ ጨምቆ ይዟል።

«ተነሥ!» አልኩት። «አንድ ጎረምሳ ስለሳቀብህ ልጅህን ጥለህ ትሄዳለህ? አላልኩህም? ከኋላ ነው አላልኩህም? መጸዳጃ ቤት ገብተን በአንድ ደቂቃ አዞርልሃለሁ!»

«በሳቁ አይደለም» አለ። «ይሳቁ። ያ ሰውዬ ኩታ ገልብጦ ቢለብስ ከቤቴ አባረርኩት። የማያውቁትን ልብስ ለብሰው ሰው ቤት አይገባም ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ ደግሞ የሞተበት ሰው ነው፣ ለካ በልኩ ነበር የለበሰው። አሁን እኔ በዚህ መልኬ ፊቱ ልቆም? በየትኛው ዓይኔ ልየው?»

ከጎኑ ቁጭ አልኩ። ትራሙ ከሩቅ ብቅ አለ፣ እሱም ከከረጢቱ ካርዱን መፈለግ ጀመረ። ከኪኒኑ ጋር ተወሳስቦበታል።

ያኔ የልጁ አባት መጡ። ብቻቸውን፣ ነፋሱ ነጭ ጸጉራቸውን እያንጨባረረው፣ ክንዳቸው ላይ አንድ የታጠፈ ነገር ይዘው። መጀመሪያ ምን እንደተለወጠ አልገባኝም። ቀረብ ሲሉ አየሁት። ኪልታቸውን አዙረውታል። ሽንሽኑን ከፊት አድርገው፣ ልክ እንደ ባሌ፣ ከረጢቱንም ሳይቀር ወደ ጎን። የአባቶቻቸውን ልብስ፣ በልጃቸው ሠርግ፣ በዘመዶቻቸው ሁሉ ፊት!

ባሌ ፊት ቆመው ወደ ሽንሽናቸው እያመለከቱ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ተናገሩ። የእኔ እንግሊዝኛም ቢሆን ይህን አላጣውም። «በዚህ ነፋስ እንዲህ ይሻላል» ነው ያሉት። ሳይስቁ። ከዚያ የታጠፈውን ከክንዳቸው አንሥተው ዘረጉለት። ያ ኩታ ነው። ጥለቱን አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች አድርገው አሳዩት። «የትኛው ነው?» አሉት።

ካላወቀ ይጠይቅ አላለም ነበር? ይኸው ጠየቁት።

ትራሙ መጣ፣ ቆመ፣ ሄደ። ባሌ ተነሣ። ኩታውን ተቀብሎ ረጋ ብሎ ገለጠውና ትከሻቸው ላይ አደረገላቸው፣ ጥለቱን ወደ ላይ፣ አንገታቸው ላይ። የሐዘኑን። እጃቸውን በሁለት እጁ ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ በአማርኛ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አላቸው። «ነፍሷን በገነት ያኑርልዎት። ቀረሁብዎት፣ ይቅር ይበሉኝ።» ሰውዬው ቃሉን አያውቁትም። ግን ዓይናቸው ሞላ፣ እጃቸውንም አልነጠቁትም። እንዲያ እንደተያያዙ ቆዩ፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ሽንሽናቸው በነፋስ እየተርገበገበ። ለቅሶ ቤት እንደሚቀመጡት ያህል ነው የቆዩት።

ከዚያ ባሌ ኩታውን ከትከሻቸው አነሣ። አራገፈው። ገለበጠውና እንደገና አለበሳቸው፣ ጥለቱን ወደ ታች ለቆ። «ዛሬ ልጅዎ ነው የሚያገባው» አለ፣ አሁንም በአማርኛ፣ ጥለቱን በመዳፉ እያስተካከለ። አገር ቤት ከል የሚያስወልቁት እንዲህ ነው። ዘመድ ነው የሚያደርገው።

ልጄ ከበሩ ላይ አልተነቃነቀችም ነበር። ሁለቱ ግራና ቀኝ ሆኑላትና ክንዷን ያዙ። በሩ ተከፈተ፣ ገቡ። እኔና አዛውንቱ ከኋላ ተከተልን። ያ አፉን የያዘው ወጣት የልጁን አባት ሲያይ እጁን ከአፉ አወረደ።

አዛውንቱ ሽንሽኑን ከፊት ያደረጉትን የልጁን አባት ከጎን ሲያዩአቸው ጊዜ ክንዴን ነካ አደረጉኝ። ፊታቸው በርቷል። «አየሽ?» አሉኝ። «የቤቱ አባት ራሱ እንዴት ነው የታጠቀው? ከፊት ነው። አባቴ አይዋሽም ብዬሽ ነበር።»

የነጠላዬን ጫፍ ዓይኔ ላይ ይዤ ነበር። «ልክ ነዎት» አልኳቸው። «ከፊት ነው።»